ስለ አንድ አረጋዊ መምህርና ስለ ጠረጴዛ ኮምፒውተር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡራዩና በሆለታ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት አስበው በነበረችው በአዲስ ዓለም፣ ከዚያም በጊንጪ አልፎ፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት ትባል ወደ ነበረችው ወደ አምቦ በሚያደርሰው የ120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚጓዝ ሰው፣ ከሚኒባሱ ተሳፋሪዎች አንዱ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊና ቀጭን ነገር በጭኑ ላይ አቁሞ፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር በሁለት እጁ ከፍ ሲያደርገው ቢያይ፣ የታቀፈው ሥዕለ ማርያም መስሎት ሊሳለም አይነሣ፤ ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ሞኒተር ነውና። ሲፒዩው ደግሞ፣ ሕዝቡ ሣጥኑን በሙሉ በዚህ ስም ስለሚጠራው እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ፣ ከወንበሩ ሥር ከሳሙናና ከስኳር ካርቶን ጋር ተጋፍቶ ይጓዛል።

ይህ ጭነት እየበዛ የመጣበት ምክንያት ስውር አይደለም። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተመሠረተው የአምቦ ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችም ደብዳቤያቸውን በኮምፒውተር ይጽፋሉ፤ የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ዕውቀት ሳይጎድለው እጁ ሊያሰናክለው እንደሚችል ወላጆች ተረድተውታል። ስለዚህም በጉደር ወይም በጌዶ ወይም በባኮ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ላለው ዘመዱ ደውሎ «አንድ ኮምፒውተር ፈልግልኝ» ማለቱ የተለመደ ሆኗል። ዘመዱም ወደ ገበያ ወርዶ ስለ መሣሪያው ዕድሜና ስለ ቁጥሩ አብዝቶ ይጠይቃል፤ መሣሪያው ፊት ስለሚቀመጠው ሰው ዐይንና ጣት፣ ስለ ቤቱ ሶኬትና ስለ ሰፈሩ መብራት ግን አንዳች ሳይጠይቅ ገዝቶ ይልካል። የገንዘቡ አብዛኛው ክፍል በማይታይና በማያስፈልግ ፍጥነት ላይ ፈስሶ፣ ለሰውየው ዕለታዊ ኑሮ የሚጠቅመው ነገር በተረፈው ሳንቲም የሚገዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ዘገባ መነሻ የሆኑት የእናቴ ወንድም፣ ዕድሜያቸውን በምዕራብ ሸዋ ትምህርት ቤቶች ታሪክና አማርኛ ሲያስተምሩ ፈጽመው በጡረታ አምቦ የተቀመጡ፣ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ፣ የደብራቸው ሰበካ ጉባኤ አባል የሆኑ አረጋዊ ናቸው። ያሰቡትም የደብሩን ታሪክ ከነገሥታቱና ከአለቆቹ የዘመን ቅደም ተከተል ጋር አስማምተው መጻፍ፣ የእድሩን መዝገብ ከደብተር ማውጣት፣ ለጎረቤትም በአማርኛና በኦሮምኛ ማመልከቻ መጻፍ ነው። በቤታቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጅ አለች፤ ልጃቸው ደግሞ ሚኒሶታ ይኖራል። «ጋሼ፣ ምን ዓይነት እንዲሆንልዎ ይፈልጋሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ፣ «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው የጻፍኩትን የማይበላ፣ ፊደሉ የሚታየኝና በግዕዝ ቁጥር የሚቆጥርልኝ ነው፤ የቀረውን አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ከነጋዴዎች ማስታወቂያ ሁሉ ይልቅ ይህ አነጋገር ለገዢ የሚበጅ መመሪያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሞ የተነሣው ክርክር ላፕቶፕ አይሻልም ወይ የሚል ነበር። መብራት ሲሄድ በባትሪው ስለሚሠራ፣ ከቦታ ቦታ ስለሚንቀሳቀስም፣ የዘመድ አዝማዱ ድምፅ ሁሉ ወደ ላፕቶፕ ያዘነበለ ሆነ። ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማደሪያ ውስጥ ለምትኖር ልጅ ቢሆን እኔም አልከራከርም ነበር። ነገር ግን ለሰባ ዓመት አዛውንት፣ አንገትን አቀርቅሮ ወደ ታች በሚያሳይ ባለ 14 ኢንች መስተዋት ላይ ለሰዓታት መጻፍ ሥቃይ ነው፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪውም አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ነው፤ ቁልፉ ቢሰበር ወይም መስተዋቱ ቢሰነጠቅ ልኩን ማግኘት ያስቸግራል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን አካሉ የተነጣጠለ ስለ ሆነ፣ የሞተው ክፍል ብቻ ይለወጣል፤ ኪቦርዱን፣ ሚሞሪውንና ፓወር ሰፕላዩን ፈትቶ መግጠም የሚችል ጠጋኝም አምቦ ውስጥ አይታጣም።

ወደ መብራቱ ነገር እንምጣ፤ በእኔ አሳብ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለምና። በሀገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ተብሎ የተሠየመ ቢሆንም፣ ከትራንስፎርመር ርቆ በመስመሩ ጫፍ ላይ ባለ ቤት፣ በምሽት ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ መጠኑ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን መውረድ ስለ ሆነ መጠኑን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ለመግዛት ይሽቀዳደማል። ሆኖም የዘመኑ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ራሱ እያስተካከለ ስለሚቀበል፣ መውረዱ ብዙም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ድንገተኛው መቋረጥና ከሁሉም በላይ መብራቱ በሚመለስበት ቅጽበት የሚወረወረው ከፍተኛ ኃይል ነው። አንዳንድ አሮጌ ሲፒዩ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው መሆኑን ግን ማስተዋል ይገባል፤ ከአሜሪካ መጥቶ 115 ላይ እንደ ቆመ ሶኬት ላይ የተሰካ እንደሆነ፣ ዕድሜው በአንዲት ጠቋር ጢስ ይፈጸማልና።

ስለዚህ ለጋሼ ከሁሉ አስቀድሞ የተገዛው ሲፒዩው ሳይሆን፣ መብራት ሲሄድ ለኮምፒውተሩ ከባትሪ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ነበር። 650 ቪኤ የሚባለው መጠን፣ በውስጡ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሚል አንድ የእርሳስ ባትሪ የያዘ፣ ለአንድ መጠነኛ ሲፒዩና ለአንድ ሞኒተር ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ያህል ፋታ የሚሰጥ ነው። ይህ ፋታ ሥራን ለመቀጠል የታሰበ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩን ፈጽሞ፣ ጽሑፉን አስቀምጦ፣ መሣሪያውን በሥርዐት ለመዝጋት ነው እንጂ። አነስተኛው የቢሮ ሲፒዩ ከነሞኒተሩ ለጽሕፈት ሥራ ከ100 ዋት በታች ስለሚበቃው፣ ጌም ለመጫወት የተሠራውን ትልቅ ሲፒዩ መግዛት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ፋታ መብላት መሆኑን ገዢዎች ልብ አይሉትም። የእርሳሱ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ዩፒኤሱ መብራት በጠፋ ጊዜ ወዲያው ጮሆ ወዲያው የሚሞት ከሆነ፣ የሚጣለው ባትሪው እንጂ ዩፒኤሱ አይደለም። በክረምት ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ዩፒኤስም ቢሆን ከመብረቅ አያድንምና፣ ከግድግዳው መንቀል የሚበልጠው ጥበብ የለም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ «ሬዲዮናችንንም እንዲሁ እያደረግን ነው ያኖርነው» ብለው ነገሩን እንደ አዲስ አልቆጠሩትም።

የተጻፈውን ያለመብላት ነገር በዩፒኤስ ብቻ አይፈጸምም። በቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን አለ፤ የሚያነበው ክንድም ከሳሕኑ ከጠጉር ባነሰ ርቀት ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ ጠላቶቹ ናቸው፤ በሚኒባስ ተጉዞ ለሚመጣ መሣሪያ ደግሞ ሁለቱም አይቀሩለትም። ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው መንገዱን ይችላል፤ ከዚህም በላይ አሮጌውን ሲፒዩ እንደ አዲስ የሚያፈጥነው፣ ፕሮሰሰሩን ከመለወጥ ይልቅ ይህ ነው። ለጋሼ ሥራ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም ከበቂ በላይ ነው፤ የአንድ ደብር ታሪክ በቃላት ብቻ ቢጻፍ፣ ሺህ ገጽ ቢሆን እንኳ፣ ከዚህ ሰፊ ጎተራ አንዲት ቁና አይሞላምና።

መርካቶ ስንወርድ ያገኘነው ነጋዴ ወጣትና ጨዋ ነበር። «ወንድሜ፣ አይ ሰቨን ልስጥህ፤ ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ጌም እንደ ጉድ ያጫውታል» አለኝ። «ለሰባ ዓመት ሽማግሌ ነው የምገዛው» ስለው፣ «ታዲያ ፋዘር ጌም አይወዱም?» ብሎ ሳቀና ወደ ሌላው መደርደሪያ መራኝ። በዚያም የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክና የሌኖቮ ቲንክሴንተር ሣጥኖች ተደርድረው ነበር። እነዚህ በውጭ ሀገር ድርጅቶች ውስጥ ጥቂት ዓመታት አገልግለው፣ ድርጅቶቹ አዲስ ሲገዙ በጅምላ ተሽጠው፣ ብዙዎቹ በዱባይ በኩል አልፈው የሚመጡ ናቸው፤ ለቢሮ ዘወትራዊ ሥራ ተብለው ስለ ተሠሩ፣ ስማቸው ከማይታወቅ አዲስ ሣጥን ይልቅ ጽኑዓን ሆነው ይገኛሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ በመውጣቱ፣ አዲስ ኮምፒውተር ለመምህር ጡረታ ቀርቶ ለደመወዝተኛም የሚቀመስ አልሆነም፤ ያገለገለ መግዛትን እንደ ውርደት የመቁጠሩም ልማድ በዚያው ቀርቷል።

ከመደርደሪያው መካከል ለመምረጥ ግን አንድ ምሥጢር ማወቅ ይገባል፤ ይኸውም የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። ነጋዴዎቹ ጄኔሬሽን የሚሉት ይህ ቁጥር ከስሙ ቀጥሎ ይገኛል፤ ኮር አይ ፋይቭ 8500 የተባለው ስምንተኛ ትውልድ፣ 6500 የተባለው ስድስተኛ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመና፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶቹ በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን ስለማይቀበል፣ ባለ ስድስተኛ ትውልዶቹ ዋጋቸው ወርዶ፣ መልካቸው አምሮ፣ ገዢን ሲጠብቁ ይታያሉ። ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሥርዐት ቢጫንባቸው ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም የጋሼ ኮምፒውተር ሲታወክ የሚደርስላቸው እኔ ሳልሆን የሰፈራቸው ጠጋኝ ነው፤ እርሱ የሚያውቀው ዊንዶውስን ስለ ሆነ ባለ ስምንተኛ ትውልዱን አይ ፋይቭ መረጥሁ። ከእርሱ ዝቅ ያለው አይ ስሪም ቢሆን ባልጎደለባቸው ነበር።

ከመክፈላችን በፊት ሲፒዩው ለረጅም ጊዜ በርቶ እንዲቆይ ለመንሁ፤ ከመጠን በላይ የሚጮህ ማራገቢያና ሲሞቅ የሚጠፋ ፓወር ሰፕላይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሳይሆን ቆይተው ነው የሚገለጡት። ክዳኑን አስከፍቼ በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው ያበጠ እንዳይሆን አየሁ፤ የኤስኤስዲውን ጤንነት በፕሮግራም አስመረመርሁ፤ የቀድሞው ባለቤት መግቢያውን በይለፍ ቃል ቆልፎት እንዳይሆንም አረጋገጥሁ። በመጨረሻም ገመዱን ነቅሎ ትንሽ ካቆየ በኋላ እንደገና እንዲያበራው ስጠይቅ፣ መሣሪያው ቀኑን ዘንግቶ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህ ታላቅ ደዌ አይደለም፤ ሰዓቱን የምትጠብቀው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ግን ሳትለወጥ ብትቀር ኖሮ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ እየተዛባ የኢንተርኔት ገጾች አንከፈትም ሲሉ፣ ጋሼ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ባደረጉት ነበር። ነጋዴው ሳያቅማማ በነፃ ለወጠልን።

ስለ ሞኒተሩ ስስት አላደረግሁም። ከሲፒዩው ተቀንሶ ወደ ሞኒተሩ የተጨመረው ገንዘብ፣ ለአረጋዊ ዐይን የተከፈለ እንጂ የባከነ አይደለም፤ ሲፒዩው በሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ጋሼ አያስተውሉትም፣ ፊደሉ ቢደበዝዝባቸው ግን ያልተከፈተ ያህል ነው። በተለይም ፊደላችን በጥቃቅን ምልክት የሚለይ፣ የ«ሰ» እና የ«ሸ»፣ የ«ተ» እና የ«ቸ» ልዩነት ከላይ ባለች ሰረዝ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ የላቲን ፊደል በሚነበብበት መጠን አማርኛ ሁልጊዜ አይነበብም። 24 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 ነጥብ የሚያሳይ ያገለገለ ሞኒተር ተገዛ፤ በዊንዶውሱም ሁሉ ነገር በመቶ 125 ተደርጎ እንዲገዝፍ ተስተካከለ። ነጭ ገጽ በሙሉ ተከፍቶ ሳይታይ ሞኒተር መግዛት አይገባም፤ የቢጫነት ጥላና የሞቱ ነጥቦች የሚጋለጡት በነጩ ላይ ነውና። እነዚህ የቢሮ ሲፒዩዎች ብዙ ጊዜ ዲስፕሌይ ፖርት እንጂ ኤችዲኤምአይ የላቸውም፤ የዱባዩ የኃይል ገመድም ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለ ሆነ በአምቦ ግድግዳ ላይ አይገባም። ተስማሚውን ገመድ ከዚያው ከመርካቶ ይዞ ያልወጣ ሰው፣ አምቦ ደርሶ ሙሉ ዕቃ አጠገብ ባዶ እጁን ይቀመጣል።

የጽሕፈቱ ነገር ከሁሉ የጣፈጠው ነበር። ጋሼ በወጣትነታቸው በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት በኦሊቬቲ መኪና ይጽፉ ስለ ነበር፣ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመፍጠር ስማቸው የሚነሣውን የኢንጂነር አያና ብሩን ውለታ በየጊዜው ያነሣሉ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ተቆጥረው 231 ሲሆኑ፣ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይጨመሩ እንኳ 104 ቁልፍ ባለው ኪቦርድ ላይ አይሰፍሩም፤ ስለዚህ በመኪናው ዘመን ፊደሉ ከግንዱና ከቅጥያው እየተገጣጠመ ይመታ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በላቲኑ ቁልፍ ድምፁን ሲመቱ ፕሮግራሙ ፊደሉን ይሠራል። ፓወር ግዕዝ ተጫነላቸው፤ ጣታቸው የለመደው ጠንካራ ምት ስለ ሆነም፣ እንደ ላፕቶፕ የተዘረጋውን ሳይሆን ቁልፎቹ ከፍ ያሉትን ኪቦርድ መረጡ። «ይኸኛው መልስ ይሰጣል» አሉ፣ በጣታቸው እየነኩ። የግዕዙ ቁጥር ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ሲወጣላቸውም እንደ ተማሪ ሳቁ።

ከደብሩ የመጣ ፍላሽ ሰክተው ከዓመታት በፊት አንድ ዲያቆን የጻፈውን የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ሊከፍቱ ቢሞክሩ ግን፣ ገጹ የማይነበብ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆነባቸው። ምክንያቱ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዐት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት፣ በኋላም ለብዙ ዘመን፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ስውር ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር ነው። የጥንቱ ፎንት ተፈልጎ ሲጫን ጽሑፉ ከመቃብር እንደ ወጣ ተነበበ፤ ወደ ዩኒኮድም ተለወጠ። በየደብሩና በየቀበሌው እንዲህ ተዘግቶ የቀረ ስንት መዝገብ ይኖር ይሆን? ኦሮምኛው ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ፣ የሚጻፍ ስለ ሆነ የተለየ ፕሮግራም አይሻም፤ የሚያስቸግረው እያንዳንዱን ቃል የእንግሊዝኛ ስሕተት አድርጎ በቀይ የሚያሰምረው አራሚ ብቻ ነው፤ እርሱም ተዘጋ።

የቀረው ዕቃ ብዙ ወሬ አይሻም። የቢሮ ሲፒዩዎች አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋይ ስለማይኖራቸው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ አዳፕተር ተገዛ፤ ኢንተርኔቱ ከልጅቱ ስልክ ይመጣል። የሚኒሶታው ልጅ እንዲታይና እንዲሰማ አንድ ካሜራና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ተጨመረ። ለልጅቱም ለብቻዋ መግቢያ ተከፈተላት፤ የአያቷን መዝገብ ሳትነካ ፈተናውን በማውስ እንድትለማመድ።

ፕሪንተር ላይ ግን ከጋሼ ጋር አልተስማማንም። «ወረቀት ላይ ያልወጣ ጽሑፍ ምኑ ጽሑፍ ነው?» አሉ። እኔም፣ በቀለም የሚሠራው ፕሪንተር ካልተዘወተረ ቀለሙ አፉ ላይ ደርቆ እንደሚዘጋ፣ የሌዘሩ ደግሞ ቶነሩን ለማቅለጥ ሲሞቅ ለቅጽበት ብዙ መቶ ዋት ስለሚስብ ዩፒኤሳቸው ላይ ፈጽሞ ሊሰካ እንደማይገባ፣ በወር ጥቂት ገጽ ለሚያወጣ ሰውም ኮፒ ቤት ሄዶ በገጽ መክፈል እንደሚረክስ አስረዳኋቸው። በዚህ ተረታሁ ሲሉ፣ የልጅ ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «አባባ፣ የኮፒ ቤት ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ አለበት» አለች። እውነቷን ነው፤ ብዙ ሰው ፍላሹን በሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ፋይል ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጦ ሲመለስ ያላየ የኮፒ ቤት ደንበኛ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለት ፍላሽ ተገዝቶ በጋሼ እጅ በቀለም ተጻፈባቸው፤ አንደኛው ወደ ኮፒ ቤት የሚሄድ፣ ፒዲኤፍ ብቻ የሚጫንበት፣ ሲመለስም ሳይከፈት ተደምስሶ የሚቀመጥ፤ ሁለተኛው ከቤት የማይወጣ፣ በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የደብሩ ታሪክና የእድሩ መዝገብ የሚገለበጥበት። የዚሁ ግልባጭ በየወሩ አዲስ አበባ ለእኔ እንዲላክ ተስማማን። ጋሼ የመጀመሪያውን ፍላሽ «ርኩስ»፣ ሁለተኛውን «ቅዱስ» ብለው ጽፈውባቸው ነበር፤ ልጅቱ የኮፒ ቤቱ ሰው ይቀየመናል ብላ «ርኩስ» የሚለውን ፍቃ «ተጓዥ» አደረገችው።